ያለ ዋይን የማይከፈተው

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው በጆሮዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ሳሉን ሰምታ ብርድ እንደመታው፣ ዝምታውን ሰምታ ከሰው ተጣልቶ እንደመጣ ታውቅ ነበር። ጎረምሳ ሆኖ መጠጥ ሲጀምርም ቀድማ ያወቀችው ከእርምጃው ነው። ያ ዘመን አልፏል። መጠጡን ያስተወው «ጸሎት ነው» ትላለች እሷ። «ጨጓራዬ ነው» ይላል እሱ።

አሁን ቤታቸው በችፑድ ለሁለት ተከፍሏል። ከወዲህ የእሷ የስፌት መኪና፣ ከወዲያ የእሱ ጠረጴዛ። ወንድሟ እህል የሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ ከቤቱ ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ የገበያውን ዋጋ በኮምፒውተር ይከታተላል፤ ሲረክስ ይገዛል፣ ሲወደድ ይሸጣል። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ዊንዶውስን መሸከም ሲያቅተው፣ ፔንግዊን የሚሉት ጓደኛው ዊንዶውሱን ነቅሎ ሊኑክስ ጫነለት። ሊኑክስ ማንም ሆዱን ከፍቶ ሊያየውና ሊያስተካክለው የሚችል ነጻ ሥርዓት ነው፤ ምልክቱ ወፏ ፔንግዊን ናት፤ ጓደኛውም ስሙን ያገኘው እሷ የሌለችበት ካናቴራ ስለሌለው ነው። እሷ ግን ይህን ሁሉ በደፈናው «ኮምፒውተሩን አሠራው» ብላ ነው የያዘችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ዩኒፎርም ስትዘመዝም ክር ተበጠሰባትና መኪናዋን አቆመች። ከችፑዱ ወዲያ ወንድሟ በስልክ ያወራል።

«ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ዋይን ነው የምከፍተው። ያለ ዋይን ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው።»

ዋይን ለእሷ የወይን ጠጅ ብቻ ነው። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማሾለኩን ትታ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«አዲሱማ ያንገዳግዳል፤ አሮጌው ነው የተስማማኝ። ኧረ አለቃዬ የት ያውቃል። ሥራው ይሂድለት እንጂ በምን እንደሚሄድ ምን ቸገረው።»

ከዚያ ሳቀ። የቀራትንም ጥርጣሬ ያ ሳቅ ጨረሰላት።

አልጠየቀችውም። ያን ሰሞን ጸሎቷን አረዘመች፣ ምግቡን እንደወትሮው አቀረበችለት። የታገሰች መስሏት ነበር።

ወንድሟ ያጫት ነርስ አባት ሰዓት ሠሪ ናቸው። በሳምንቱ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡና፣ ቁመታቸውን ስትለካ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ልጁን ወደውታል፤ ግን ያ የድሮው ነገር ለቆታል ወይ።

«አንቺ እግዚአብሔርን የምትፈሪ ሰው ነሽ» አሏት። «ካንቺ የሰማሁት ይበቃኛል።»

«ራሱን ይጠይቁት» ማለት ትችል ነበር። ነገሩ ግን ከላይ የተላከባት ፈተና መሰላት። ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች «ተመልሶበታል፣ አባባ» አለች። ሰውየው ሱሪያቸውን እንደታጠፈ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

ወሬው ዞሮ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀም። ወንድሟ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ከክፍሉ ወጣ። እጮኛው እያለቀሰች አባቷ ያሏትን ነግራው ነበር፤ ጋብቻው ቀርቷል።

«እትዬ፣ እኔ ጠጣሁ?»

የሰማችውን ቃል በቃል ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እጇን ይዞ አስገባትና ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ መጠጥ ያለበት ብርጭቆ የተሳለበትን ምልክት አሳያት። ድርጅቱ የሚገበያይበት ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ የእሱን ቋንቋ አይሰማም፤ መሃል ገብቶ የሚያግባባቸው ነገር ስሙ ዋይን ነው። አዲሱ ዋይን መስኮቱን እያርገበገበ ስላስቸገረው ወደ አሮጌው ተመልሷል። ምልክቱን ተጫነው። አረንጓዴና ቀይ መስመሮች እየወጡ እየወረዱ መጡ። እሷ ምኑንም አላየችም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እዚሁ እኮ ነበርኩ» አላት፣ ሳይቆጣ። «ለሳቸው ከመንገርሽ በፊት እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ሰዓት ሠሪው ሱቅ ስትደርስ ሰውየው ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አንዲት የሴት ሰዓት ሆድ ዕቃ ላይ አጎንብሰዋል። ባትሪ የሚያስቀይር ደንበኛ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሟል። እሱ እስኪሄድ ልትጠብቅ አሰበች፤ ሰውየው ግን «ምነው?» አሉ ቀና ሳይሉ። ስለ ሊኑክስ፣ ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ብርጭቆው ምልክት፣ ግማሹን እየረሳች ግማሹን እያምታታች ተናገረች። ስትናገረው ለራሷም ውሸት ውሸት ሸተታት።

«ባለፈው ጠጪ ነው አልሽኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ዛሬ ዋይኑ ኮምፒውተር ውስጥ ነው አልሽኝ። ነገ ደግሞ ቢራው ብስክሌት ነው ትይኝ ይሆናል።»

ደንበኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መንገዱ ዞረ። ፊቷ እሳት ሆነ። ወንድምሽ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ አሉ። ይህንንማ ቀድማ ለምናው ነበር፤ ትንፋሼን ላስሸትት አልሄድም ብሏታል፤ እውነቱንም ነው።

«አይመጣም» አለች። «መምጣት የሚገባኝ እኔ ነኝ። ያየሁት ነገር አልነበረም። ጠርሙስ አላየሁም፣ አፉ አልሸተተኝም። በችፑድ የሰማሁትን ነው እንዳየሁ አድርጌ የነገርኩዎት።» ባንኮኒውን ተጠጋች። «አባባ፣ ለምን ቶሎ እንዳመንኩት ያውቃሉ? ስጠብቀው ስለኖርኩ ነው። አንተው ጠብቀው እያልኩ እጸልያለሁ፣ በሌላው ጆሮዬ ደግሞ የሚወድቅበትን ቀን አዳምጣለሁ። የሰማሁ ዕለት አልደነገጥኩም። መጣ ነው ያልኩት።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ደንበኛው ሰዓቱን እዚያው ትቶ ወጣ።

«ይህን ፈልስፎ በራሱ ላይ የሚያወራ ሰው የለም» አሉ ቀስ ብለው። እዚያው ፊቷ ልጃቸው ጋ ደወሉና ተሳስቻለሁ፣ ልጁ ንጹሕ ነው፣ ቀኑን ቁረጡ አሏት። ስልኩን ሲዘጉ ወደ እሷ ዞሩ። «አሁን ያልሽኝን ለእሱስ ነግረሽዋል?»

አልነገረችውም። ስለ ዋይኑ ይቅርታ ጠይቃዋለች እንጂ ስለዚህኛው አልተነፈሰችም።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ጋብቻው እንደተመለሰ ሰምቷል፤ ፊቱ ፈካ ብሏል፤ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ወደኋላ አለችና ለሰዓት ሠሪው ያለችውን ደገመችለት። ዓይኑን ማየት ስላልቻለች በእጁ ለያዘው የውሃ ብርጭቆ ነው የተናገረችው።

ወንድሟ ውሃውን ጨረሰ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ። «እዚያ ክፍል ስስቅ እንኳ ቀስ ብዬ ነው የምስቀው። የጠጣሁ እንዳይመስልሽ ብዬ።»

 ገበያው ገና አልተዘጋምና ተመልሶ ገባ፤ የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ጀመረ። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ጆሮዋ ግን እንደለመደው ወደ ችፑዱ ሄደ። ጆሮ እንደ ዓይን አይከደንም።

ተነሥታ ሻርፗን ደረበች። «ወጣ ብዬ እመጣለሁ» አለች፣ እንዲሰማት ጮክ ብላ። የምትሄድበት አልነበራትም። በሩን ከኋላዋ ገጥማ፣ የወንድሟ ድምፅ እስከማይደርስበት ድረስ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።