የዘጠኝ ዓመት ልብስ

ደሳለኝ ቀሚሱን አልጋው ላይ ዘርግቶ ከትከሻው እስከ ጠርዙ በስንዝር ለካው። ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት። እንደገና ለካው፤ ያው ነው።

ከቀሚሱ ጋር አንድ ወይን ጠጅ ሹራብ፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳ ሱሪና ሁለት ጥንድ ካልሲ ነበር። ሁሉም ታጥበውና ተተኩሰው በጥንቃቄ ታጥፈዋል። ሁሉም የአንዲት ልጅ ልክ ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ገደማ። በዚህ ቤት ግን እንዲህ ያለች ልጅ የለችም፤ ኖራም አታውቅም።

ከድንኳኑ የለቀስተኛው ጉምጉምታ ይሰማል። ሚስቱ ለተመድህን ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኑ ነው። ነገ ሠልስቷ ስለሆነ፣ ታላቅ ወንድሟ ገዛኢ ልብሷን ለነዳያን ሊሰጥ አስቦ ደሳለኝን «ግባና ለይልኝ» ብሎት ነበር። የእሷን ለይቶ ሲጨርስ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥኑን ሳበ፤ እነዚህን ያገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

በዚያ ሳጥን ውስጥ መኖር የነበረበት የኤልሻዳይ ልብስ ነው። ኤልሻዳይ አንድ ልጃቸው ነበረች፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላት የአንድ ሳምንት ትኩሳት ወሰዳት። ከቀብሯ መልስ ለተመድህን ቢጫ ሹራቧንና ነጠብጣብ ያለባትን ቀሚሷን እዚህ ስትከት ዓይኑ እያየ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ፣ «ከእንግዲህ ስሟን እዚህ ቤት አታንሺብኝ፤ አልችልም» አላት። አላነሳችም። ሰባት ዓመት ሙሉ። እሱም ሳጥኑን ከፍቶ አያውቅም።

ደሳለኝ ከደብረ ብርሃን መጥቶ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀጠረ የአየር ጠባይ ተመልካች ነው። በየሰዓቱ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ ያየውን ይጽፋል፤ የመሰለውን አይጽፍም። አሁንም ያየውን ብቻ በሐሳቡ አስቀመጠ። ለተመድህን ልጆች የጠበባቸውን ልብስ ከየቤቱ እየገዛች፣ አጥባና ጠግና ቀዳማይ ወያነ ገበያ ትሸጥ ነበር። የሚሸጠው ግን በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ጓዳ ይቀመጣል እንጂ መኝታ ቤት አይገባም። እንግዲህ ይህ የሚሸጥ አይደለም። የአንዲት ልጅ ነው። ያቺ ልጅ የሆነ ቦታ ለተመድህንን እየጠበቀች ከሆነ፣ መሞቷን የነገራት የለም።

ገዛኢ ገባ። «ይሄ የማን ነው?»

«እኔም እርስዎን ልጠይቅ ነበር።»

«እንታይ እፈልጥ! እኔ ምን አውቄ! የንግዷ ይሆናል። ጨምረውና ነገ ይሄዳል።»

«የንግዷ አይደለም። ኣያ ገዛኢ፣ ለተመድህን የምትረዳት ልጅ ነበረች?»

ገዛኢ ቀና ብሎ አየው። «አንተ ባሏ ያላወቅከውን እኔ ከየት ላምጣው? ትናንት ሰው ሲያጽናናህ ደመና እንደሚቆጥር ሰው ፈዘህ ዋልክ፤ ዛሬ ደግሞ ሱሪ ትለካለህ። ንዓ ሓወይ፣ ና ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዞረ ነበር። ደሳለኝ ከእናቶቻቸው ጋር የመጡትን ልጆች አንድ በአንድ አየ። አንዲቱ አጠረችበት፤ አንዲቱ ወፈረችበት። ከጀርባው ሁለት ሴቶች ያንሾካሽካሉ።

«ቁልፍ የጎደለው ልብስ ሸጣ አታውቅም።»

«እኔን ስንቴ መልሳኛለች! ‹ለልጅሽ ይሰፋዋል፣ ለከርሞ ነይ› ትለኛለች።»

«መሸጥ የማትወድ ነጋዴ!» ሳቃቸው አመለጣቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ከሰዓት በኋላ ሀፊሳ መጣች። ከወሎ የመጣች ነጋዴ ናት፤ ገበያ ላይ ከለተመድህን ጎን ለጎን ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። «አላህ ጽናቱን ይስጥዎ» ብላ ሳትቀመጥ ደሳለኝ ወደ ቤት ጠራት። አልጋው ላይ የተዘረጋውን ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

«ሀፊሳ፣ ልጅቷ የት እንዳለች ብቻ ንገሪኝ። እኔ እሄዳለሁ።»

«የት ይሄዳሉ፣ ጋሽ ደሳለኝ?»

«መርዶውን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።»

ሀፊሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሹራቡን እጅጌ አቃናች። «የኤልሻዳይ ነው።»

«ኤልሻዳይ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው የሞተችው።» ስሙ ከአፉ ሲወጣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ሞታለችማ። እሷም ጠፍቷት አይደለም፣ ወላሂ፤ አብዳ ነበር እንዳይሉ። ልደቷ ኅዳር አይደል? ኅዳር በመጣ ቁጥር የአምናውን ይዛ ትመጣለች። ‹ሀፊሳ፣ ይሄ ጠቧታል፤ በዓመት የሚበልጥ ፈልጊልኝ› ትለኛለች። መጀመሪያ ደነገጥሁ። ኋላ ለመድሁት፤ ገና ጥቅምት ሲገባ መፈለግ ጀመርሁ። የአምናውን የሰው ልጅ ትለብሰዋለች፣ እሷ የዘንድሮውን ይዛ ትገባለች።»

«ቢጫው ሹራብስ?»

«እሱንማ ሁለቱም ልጆቼ ለብሰውት አደጉ።»

«መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜም?»

«ያኔማ ጋቢዋን ሰጥታ ነው የስድስት ዓመቱን የወሰደችው። እንዲሁ ውሰጂው ብላት ተቆጣችኝ። ‹ልጄን የማለብሳት እኔ ነኝ› አለችኝ።»

ደሳለኝ ትዝ አለው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አንድ ቀን ለተመድህን ከገበያ ፊቷ ፈክቶ ትገባ ነበር። ያን ቀን ሥራው እንዴት እንደዋለ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ደመናው ሳይቀር። ፊቷን አይቷል። ለምን ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም።

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ስሟን አታንሺ ብለዋት የለ?» አለች ሀፊሳ ቀስ ብላ።

«ደሳለኝ! ከረጢቱን ልሰረው?» አለ ገዛኢ ከውጭ።

ደሳለኝ የሚስቱን ልብስ የያዘውን ከረጢት አንሥቶ በበሩ አቀበለው። «ይሄ ብቻ ነው» አለና ተመለሰ። የልጅቱን ሱሪ አጠፈ፤ ሹራቡን አጠፈ፤ ቀሚሱን ከላይ አድርጎ ሁሉንም ሀፊሳ ጭን ላይ አስቀመጠ።

«ኅዳር መጣ አይደል?»

«ሁለት ሳምንት ቀረው።»

«ይሄ ሳይጠባት አይቀርም።»

ሀፊሳ ልብሱን በሁለት እጇ ያዘች። ገበያ ላይ ለማንኛውም አባት እንደምትለው አድርጋ ጠየቀችው፦ «ቁመቷ ምን ያህል ይሆናል?»

ደሳለኝ ከደረቱ ዝቅ አድርጎ መዳፉን አየር ላይ ዘረጋ። እጁን አየው። «እናቷ ረጅም ናት» አለና ትንሽ ከፍ አደረገው፤ ሀፊሳ አይታ እስክትጨርስም አላወረደውም።