በጣም የተገፈፈው ጋዝ

ባሌ ኡርጌሳ መዋሸት አይችልም። እያሞገስኩት እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሪህ የያዘው በሽታ ነው። እሱ ናዝሬት ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል፣ እኔ ዙሀራ ደግሞ ለወንጂ ስኳር ሠራተኞች ቱታ እሰፋለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጨርቄን ወደ ጎን ገፋ ያደርግና የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቶቹን ይዘረጋል።

ወረቀቶቹ የኳዛር ብርሃን ናቸው። ኳዛር ማለት፣ እሱ እንደሚለው፣ ከምናያቸው ከዋክብት ሁሉ እጅግ ርቆ የሚነድ ነገር ነው። ማዕከሉ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ከባድ ነገር ተቀምጧል፣ በዙሪያው ጋዝ ይግላል። ብርሃኑን በየቀለሙ ለያይተው ወረቀት ላይ ሲያሰፍሩት ጉብታ ጉብታ ይሆናል። አንዱ ጉብታ ጨረሩ ኤሌክትሮኖቹን በብዛት የገፈፈው ጋዝ ነው፤ የኡርጌሳ ነገር እሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያስተማረው ፕሮፌሰር ይልክለታል፣ እሱ በማስመሪያ ይለካል። እኔ ሱሪ ስለካ እሱ ሰማይ ይለካል፣ እንዲህ ነው ኑሯችን።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምህረት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ይህንኑ እንዲያጠና ዕድል መጣለት። የቀረው የቀበሌው ድጋፍ ብቻ ነበር። ካድሬያችን ጓድ መርዳሳ ግን «መጀመሪያ ትምህርቱን ለሰፊው ሕዝብ ያስረዳ» አለ። ኡርጌሳ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

እኔ ቁጭ አድርጌ አስጠናሁት። «ስማ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቀይ ይሸሻል ትለኝ የለ? እሷን ብቻ ተናገርና ቁጭ በል። ሌላ ቃል ብትጨምር ወላሂ ሁለተኛ ጠረጴዛዬን አታያትም!» እውነትም ሩቅ ያለው ሁሉ ከእኛ ስለሚርቅ ብርሃኑ ወደ ቀዩ ያደላል። ለካድሬ ከዚህ የተሻለ ምን ይነገራል?

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አቧራው በበሩ ሥር ይገባል። ኡርጌሳ «ሁሉም ወደ ቀይ ይሸሻል» ሲል መርዳሳ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሰማችሁ ጓዶች? ሰማዩም ወደ ቀይ!» ብሎ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን። በቃ፣ ሶቪየት ደርሰናል አልኩ። ያ ጉደኛ ግን አልተቀመጠም።

«ሁሉም እኩል አይደለም» አለ። «በጣም የተገፈፈው ጋዝ ከሌላው ጋር አብሮ ወደ ቀይ አይሄድም፣ ወደ ሰማያዊው ይቀራል። ከማዕከሉ እየሸሸ ስለሆነ ነው። በጣም የተገፈፈው በጣም ይሸሻል፤ ፍጥነቱ በአንድ ሰከንድ ከዚህ ድሬዳዋ ያደርሳል።»

ከዚያ ከኋላ እማማ ሻሼ ሳቁ። እማማ ሻሼ የሚያከራዩአቸው ክፍሎች ትርፍ ቤት ተብለው የተወረሱባቸው፣ ልጃቸው ኢተፋም በድሬዳዋው ባቡር እንደወጣ የቀረባቸው ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸው ሲስቁ ሌላውም አብሮ ፈነዳ። ኡርጌሳ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም፤ ሱሪው የተቀደደ መስሎት ዞር ብሎ አየ።

መርዳሳ አልሳቀም። «ለሚመጣው ቅዳሜ ግለሂስ ታቀርባለህ። እዚሁ ሕዝብ ፊት ስህተትህን ካረምክ ድጋፉን እፈርማለሁ፣ ካላረምክ ዕድሉ ለሌላ ጓድ ያልፋል» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ፈርቶ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ለመንኩት። «ተሳስቻለሁ በል! አንዴ ተሻገር እንጂ እዚያ ያሻህን ትላለህ!» «ስህተት ካለበት አርማለሁ» አለና ወረቀቶቹን አውጥቶ እንደገና ይለካ ጀመር። ሲለካ አይቼ ደስ አለኝ፣ ሞኟ እኔ!

ቅዳሜ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። «ግለሂሴን አቀርባለሁ። ባለፈው የነገርኳችሁ ነገር ስህተት ነበረበት።» መርዳሳ እስክሪብቶውን አወጣ።

«የጋዙን ፍጥነት አሳንሼ ነው የነገርኳችሁ» አለ ኡርጌሳ። «ድሬዳዋ ብዬ ነበር። ደግሜ ስለካው ጅቡቲ ነው የሚያደርሰው።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። በባቡሩ ጅቡቲ የገባ ልጅ ወይ ወንድም የሌለው ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። መርዳሳ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ ኪሱ ከተተው፤ ዕድሉም በዚያው አለቀ።

ስንወጣ ኡርጌሳ አጠገቤ ይሄዳል። «ምን አጠፋሁ? አረምኩ አይደል?» ይለኛል። የምሰድበውን ስድብ እየመረጥኩ ሳለ እማማ ሻሼ ደርሰው ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ ያ የተገፈፈው ከዚያ ሸሽቶ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኛ የምናየው ወደ እኛ ነው የሚመጣው፣ እማማ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

እማማ ሻሼ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲያ በሰላም ይግባ» አሉ።

የመረጥኩት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ቤት ስንገባ ጨርቄን ከጠረጴዛው ላይ እኔው አነሳሁለት።