እንጦጦ የወጣው ሰርቨር

ጸጋ ፉፋን «ይሄ ነገር አይሠራም» ማለት ለሠርግ እንደ መጥራት ነበር፤ ወዲያው ተነሥታ ትመጣለች። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የጠሯት አቶ ሚልኬሳ ናቸው። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት አነስተኛ ትምህርት ቤት አለ፤ እሳቸው ርእሰ መምህሩ ናቸው። ጸጋ ደግሞ ካራ የምትኖር፣ ከቤቷ ሆና ፕሮግራም እየጻፈች የምትተዳደር ወጣት ናት። የሚተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሁድ እሁድ ስብከቱን በምልክት ቋንቋ የምታስተረጉመው እሷ ነበረች።

«እህት ጸጋ፣» አሏት በስልክ፣ «ሰርቨሩን የገጠመልን ሰውዬ ተስፋ ቁረጡ ብሎን ሄደ። እስቲ አንቺ ደግሞ እይው።»

ትምህርት ቤቱ ያለው ጠንካራ ኮምፒውተር ያ ሰርቨር ብቻ ነው። በሆዱ ውስጥ ግን በሶፍትዌር የተሠሩ ቨርቹዋል ማሽኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ራሴን የቻልኩ ኮምፒውተር ነኝ ብለው ያምናሉ። አንዱ የቢሮውን ሥራ ይሠራል፣ ሌላው ለመምህራን ነው፣ ሦስተኛው በክፍሉ ውስጥ ላሉት የተማሪ ስክሪኖች ሁሉ ትምህርቱን ያሳያል። ልጆቹ ቢያበላሹት እንኳ በማግስቱ እንደ አዲስ ይነሣል። ትምህርቱ መምህርት በለጡ በምልክት ቋንቋ ስታስተምር የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ ለሚሰሙ መምህራንና ወላጆች ሲባል አንድ አንባቢ በድምፅ ያነብበታል። ቪዲዮውን አጥርቶ እንዲያወጣ ግራፊክስ ካርድ ተገዝቶ ተሰክቷል፤ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ግን ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሲጫን «ካርድ የለም» ብሎ ይተኛል።

«ሰውዬው ምን አለ?» ስትል ጠየቀች ጸጋ፣ ትምህርት ቤቱ እንደ ደረሰች፣ ገና ጃንጥላዋን ሳታጥፍ።

«በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ እንጂ በእንደዚህ ዓይነቱ ውስጥ አይሆንም፤ አልተሠራለትም አለን።»

«እሱስ ልክ ነው፤ አልተሠራለትም። እንሠራለታለና!»

ደግነቱ የድራይቨሩ ኮድ ለማንም ክፍት ነበር። ጸጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ድራይቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ስለ ካርዱ የተጻፈውን መግለጫ ከአንድ የታወቀ የሜሞሪ ቦታ ማንበብ ነው፤ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ደግሞ ያ ቦታ ባዶ ነው። መግለጫውን ከራሱ ከካርዱ ቀድታ በፋይል አስቀመጠችና፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ፋይሉ እንዲሄድ ድራይቨሩን አስተማረችው። ሰርቨሩ ደጋግሞ ደርቆባት ቀረ፤ ደጋግማ አስነሣችው። በመጨረሻ የበለጡ ፊት ስክሪኑ ላይ ቦግ አለ።

«ሃሌ ሉያ!» አሉ አቶ ሚልኬሳ።

በለጡ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ተወልዳ ያደገች፣ ላይ ላዩን ማመስገን የማታውቅ መምህርት ናት። የሳይንሱን ትምህርት እስከ መጨረሻው ተመለከተችና ራሷን ነቀነቀች።

«እጄ ይቆማል፣» አለች በምልክት።

«የቱ ጋ? እኔ ምንም አላየሁም።»

«አንቺ የአንባቢውን ድምፅም ትሰሚያለሽ፤ የጎደለውን ጆሮሽ ይሞላልሻል። እኛ ያለን እጅ ብቻ ነው።»

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው። ውሃ ሲሞቅ ይተናል የሚለው ቦታ ላይ እጇ ጣቶቹን እያርገበገበ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ስክሪኑ ላይ ግን እጁ ታች ነበር፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ላይ ተገኘ።

«ይሄ ተነነ ነው? ይሄ እኮ ዘለለ ነው!»

ጸጋ ሳቀች፤ ግን አልተከራከረችም። አንዴ ካየችው በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃታት። እንደገና ኮዱ ውስጥ ገባች። የስዕሉን ፍጥነት ለካች፣ ሜሞሪውን መረመረች፤ ሁሉም ጤነኛ ነው ይላታል፣ እጁ ግን ይቆማል። እሷ ይሄን ስትፈልግ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣» አሉ አቶ ሚልኬሳ፣ «መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅ፣ ትምህርት ሊከፈት ነው። በዲስክ ገልብጠን በቴሌቪዥን እናሳያቸው።»

ጸጋ ለበለጡ አስተረጎመችላት። በለጡ ፊቷ ተለዋወጠ።

«በቴሌቪዥን ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ አፍጥጦ፣ ያልገባው እንዴት አድርጎ ወደ ኋላ ይመልሳል? እኛ ቤት መብራት አለ። ሰርቨሩን እንውሰደው።»

«እንጦጦ?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«እንጦጦ!» አለች ጸጋ፣ ቀድማ ተነሥታ።

ሰርቨሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በትምህርት ቤቱ ፒክአፕ ጫኑት። ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ሆነው ግራና ቀኝ ይዘውት፣ መኪናው በጭቃው እየተንሸራተተ በባሕር ዛፉ መሐል ወጣ። የበለጡ አባት አቶ አባይነህ በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ብርድ ልብስ የለበሰው በሽተኛ ማነው?» አሉ፤ ይህን ብለው ግን የሳሎኑን ጠረጴዛ በራሳቸው እጅ አነሡላቸው።

ጸጋ ገመዶቹን ሰካችና አስነሣችው። በለጡ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ የውሃውን ትምህርት ከፈተች። እጁ ከታች ተነሣ፣ ጣቶቹ እየተርገበገቡ፣ ሳይቆም ሳይዘል ላይ ደረሰ። መልሳ አየችው። አሁንም እንዲያው ነው። ዞር ብላ ጸጋ ላይ አፈጠጠች።

«ምን አደረግሽው?»

«ምንም!»

«አየሩ ነዋ፣» አሉ አቶ አባይነህ። «እዚህ የወጣ ሁሉ ይሻለዋል።»

ጸጋ አልሳቀችም፤ ሙቀት ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች። ብርድ ልብሱን መልሳ ሰርቨሩ ላይ ጣለችበት። የሰርቨሩ ማራገቢያ ሞቆት እስኪያጓራ ድረስ ጠበቁ። እጁ አልቆመም።

«አየሩስ አይደለም፣ አባባ።»

ከዚያ ወደ ሰርቨሩ ጀርባ ዞረች። የመብራት ገመድ አለ፣ የስክሪን ገመድ አለ። ላምበረት እያለ ሌላም ተሰክቶበት ነበር፤ የኔትወርኩ። ላፕቶፗን አወጣች፣ በኔትወርክ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘችና አንድ ትልቅ ፋይል መቅዳት ጀመረች። እጁ ቆመ። ገመዱን ነቀለችው፤ እጁ ቀጠለ። በለጡ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ጸጋ ለማስረዳት እጇን ከማንሣቷ በፊት ለበለጡ ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካርዱ አንድ ምስል በጨረሰ ቁጥር «ጨረስኩ፣ ቀጣዩን አምጡ» ብሎ ይጣራል። የሚጣራበት መስመር ግን ከኔትወርክ ካርዱ ጋር የጋራ ነው። በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ተቻችለው ይኖራሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ጥሪው ዞሮ ነው የሚገባውና ኔትወርኩ ሥራ ሲበዛበት የካርዱ ጥሪ ወረፋ ይይዛል። ለካርዱ የራሱ መስመር የሚሰጥ መንገድ ድራይቨሩ ውስጥ ተጽፎ ኖሯል፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ የቆየ ካርድ ግን ተዘግቷል። ጸጋ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሆን እንዲከፈት አድርጋ ጻፈችው። መጀመሪያ ሰርቨሩ ጭራሽ አልነሣም አለ፤ ከጻፈችው ኮድ አንዱ ስንኝ ቦታው ተሳስቶ ነበር። አስተካከለችው። ገመዱን ሰካች፣ ትልቁን ፋይል ለቀቀችበት፣ ወደ በለጡም ዞረች።

በለጡ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ከተመለከተች በኋላ አንድ ቃል ብቻ በእጇ አለች፦ «ተነነ።»

መስከረም ላይ መብራቱም ተመልሶ ስለነበር ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየስክሪናቸው ፊት ተቀመጡ። አንዷ ልጅ የውሃውን ቦታ ደጋግማ እየመለሰች፣ የበለጡን እጅ በራሷ እጅ ስትከተል አቶ ሚልኬሳ በር ላይ ቆመው አዩና ቴሌቪዥን የሚለውን ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ጸጋ የለወጠችውን ኮድ ለድራይቨሩ ጸሐፊዎች ላከችው። አንደኛው ከሩቅ አገር መለሰላት፤ አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ግን በእውነተኛ ሥራ ላይ የፈተነው ማነው፣ ስሙ ይግባ አላት። የሞካሪው ስም ከኮዱ ጋር አብሮ መመዝገብ የሥራው ወግ ነው። ጸጋ «በለጡ አባይነህ» ብላ ጻፈች፤ ኅዳር ላይ ተቀባይነት አገኘ። ላፕቶፗን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደችና አሳየቻት።

«ይሄ ስም የት የት ይታያል?» አለች በለጡ።

«ይሄ ድራይቨር በገባበት አገር ሁሉ። የኮዱን ታሪክ የከፈተ ያይሻል።»

«እና እጅ የቆመበት ሰው እኔን ነው የሚጠይቀኝ?»

«ሁለታችንንም።»

«ይጠይቁና!» አለች በለጡ፤ ልጆቹ እየጠበቋት ስለነበር ወደ ክፍሏ ገባች።