ከካውያው ጠረጴዛ የሚታየው

የምስክርነቴ ቀን ማለዳ ቀሚሴን ልተኩስ ሱቅ ገባሁ። ቤትም ካውያ አለኝ፤ ግን እግሬ አላርፍ አለ። ሱቁ የእኔና የልብስ ሰፊው ነው። እሱ ይሰፋል፣ እኔ እተኩሳለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስንነታረክ ኖረናል። ከአራት ወር በፊት መንገድ ሲሻገር አውቶቡስ ገጭቶት ዳሌው ተሰበረ። አሁን ማሽኑን የሚረግጠው በአንድ እግሩ ነው።

ሾፌሩ ስልክ እያወራ ነበር ተብሎ ተከሷል። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተማውን አዳርሶታል። ማን እንደቀረጸው ግን አልታወቀም። ዐቃቤ ሕጓ እንደነገረችኝ፣ የቀረጸው ሰው ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ቪዲዮውን ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ለፖሊስ «ስልክ ሲያወራ በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ፈርሜአለሁ። በእኔ ቃል ሰውዬው ዓመታት ሊታሰር ነው።

ካውያው እስኪግል ቆሜ ሳለ አውቶቡስ አለፈ። ቀና አልኩ። በሩን አየሁ፣ የተሳፋሪ ጭንቅላት አየሁ። ሾፌሩ የሚቀመጠው በወዲያኛው በኩል ነው፤ አይታይም።

የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። አሁንም በር። ደጃፍ ወጥቼ ጎንበስ ቀና አልኩ። አይታይም። ተመልሼ መተኮስ ጀመርኩ፤ ሦስተኛውን አውቶቡስ ሳይ የቀሚሴ እጅጌ ተቃጠለ።

ታዲያ ያን ቀን እዚሁ ቆሜ ስተኩስ ምን አየሁ? የፍሬን ጩኸት ሰምቼ ቀና ስል ልብስ ሰፊው አስፋልት ላይ ተዘርሯል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ። በቃ፣ ይኸው ነው። የሾፌሩን እጅና ጆሮ ያየሁት በቪዲዮው፣ በእህቴ ልጅ ስልክ ነው። ከዚያ በጎረቤት ስልክ፣ ከዚያ በደንበኛ ስልክ። ፖሊስ የጠየቀኝ በሳምንቱ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እጅጌዬን አጥፌ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እኔ ከደረጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ደረጃው እመላለሳለሁ።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ግትሯ። ወለሉን ጨረስሽው።»

«ሾፌሩ ከእኔ ጠረጴዛ አይታይም» አልኩት። «ዛሬ ቆሜ ሞከርኩት። የሚታየው በሩ ነው።»

ክራንቹን አገላበጠ። «ለፖሊስ ተናግረሻል።»

«ተናግሬአለሁ።»

«እሱኑ ድገሚዋ። ውሸት አይደል፤ ከተማው ሁሉ አይቶታል።»

«እንግዲያው ከተማው ይመስክር።»

«አንቺ ሴት፣ የተሰበረው የእኔ ዳሌ ነው፤ የአውቶቡሱ በር አይደለም።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እያሉ ነው የሚያሙኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ አንዴ ያልኩትን አላጥፍም። ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የሾፌሩ ሚስት የባሏን ኮት ጭኗ ላይ ይዛለች። ኮቱ በደንብ አልተተኮሰም። እንዲያ ባለ ሰዓት ይሄ ለምን እንደታየኝ አላውቅም።

ተጠርቼ ገባሁ፣ ማልኩ። ልብስ ሰፊውም ተከትሎኝ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ።

«አውቶቡሱ ሲያልፍ ሾፌሩ ምን ሲያደርግ አዩ?» አለች ዐቃቤ ሕጓ።

«ሾፌሩን አላየሁትም።»

ወረቀቷን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች። «ለፖሊስ በሰጡት ቃል ግን...»

«ቃሉ የእኔ ነው። ስልክ ላይ ያየሁትን ነው መንገድ ላይ ያየሁ የመሰለኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮዎታል?»

«ተነግሮኛል። እኮ ለዚሁ ነው።»

«መንገድ ላይስ ምን አዩ?»

«ይሄን ሰው ወድቆ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። እሱን ማንም በስልክ አላሳየኝም።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አላየኝም። ፍርዱ ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

ሁለት ቀን የጨረሰውን ልብስ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ክራንቹን አንስቶ መጣ።

«የት ጋ ነው የምትቆሚው?»

«እዚህ።»

ገፋ አድርጎኝ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ። አንገቱን አስግጎ እስኪያልፍ ተከተለው። ሌላም ጠበቀ።

«አንቺ አጭር ስለሆንሽ ነው» አለ።

«አንተስ አየኸው?»

 ማሽኑ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

«ያን የተቃጠለ ቀሚስ አምጪው፤ እጅጌውን ላሳጥረው።»

ፍርዱ ገና ነው። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን።