ብርድን በብርድ

ልጄን ትርንጎን ከቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር ሕመም ሲጀምራት ብርድ ነው አልኩ። መንደራችን ገሳይ ላይ የጉና ተራራ ነፋስ ሲነሣ ማንንም አይምርም፤ ጎን ሲወጋን ሁላችንም የምንለው ይኸንኑ ነው። እናም ሳሞቃት ከረምኩ። በር ዘጋሁ፤ የአጃ ሙቅ አጠጣሁ፤ ጎኗን በትኩስ ጨርቅ አሸሁ።

«እማ፣ ልትጠብሺኝ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

አልሻላት ሲል ደብረ ታቦር ወሰድኳት። ተመርምራ ጉበቷ ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሟ ዶክተር ደረጄ፣ ዕጢው ትንሽ ቢሆንም ያለበት ቦታ ለቀዶ ሕክምና እንደማይመች ነገረን። አዲስ አበባ ግን ቀጭን መርፌ አስገብተው በብርድ ይገድሉታል አለ።

«በምን?»

«በብርድ፣ እማማ። በረዶ አድርገው።»

ተነሣሁ። «ብርድ ያመጣባትን በብርድ? ክረምቱን ሙሉ ሳሞቃት የከረምኩት ለዚህ ነው? አይሆንም!»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «እማ ካልወደደች አልሄድም» አለች።

ትልቅ ሰው ናት፤ ግን አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔ ያላልኩትን አታደርግም። ያን ጊዜ አፌን ፈራሁት። እምቢታዬ ሊገድላት ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እንደ ውርጭ ነው?» አልኩት።

«እንደ ውርጭ። ውርጭ የመታው ባቄላ ምን ይሆናል?»

«ይጠቁራል። ይሞታል።»

«ዕጢውም እንዲያ ይሆናል።»

«ውርጭ እኮ አረሙን ከባቄላው አይለይም፣ ዶክተር! ሁሉንም ነው የሚፈጀው።»

ትርንጎ ፈገግ አለች፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ልክ ነዎት፣ አይለይም። ለዚህ ነው መርፌውን ዕጢው ውስጥ የሚያስገቡት። በረዶው ሲያድግ በምስል ያዩታል፤ ዕጢውን ጥቂት አልፎ ሲሄድ ያቆሙታል። ከደህናው ጉበት ትንሽ ይሞታል፤ ሌላው ይተርፋል።»

«ብርዱ ውስጧ አይቀርም?»

«ደሟ መልሶ ያሞቀዋል። ደግሞ እማማ፣ ብርድ ዕጢ አያወጣም። ያመማት ብርድ አይደለም።»

«ትድናለች?»

«እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም። ሊመለስባት ይችላል። ዝም ብሎ ከመጠበቅ ግን ይሻላል።»

ልቤ ያዘነበለው እዚህ ላይ ነው። ትድናለች ብሎ ቢምልልኝ አላምነውም ነበር።

«እንሂድ» አልኳት ትርንጎን።

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ እንጂ። አንቺስ?»

«እኔም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ፈርተን እንሄዳለን።»