ሰደፍ በሩሐማ ልክ

አቶ ሽባባው በለዙን ያዩት፣ ሩሐማ ከላይኛው ቁም ሳጥን ሰሃን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ነው። የሸሚዟ አንገት ወደ ጎን ሸሸት ሲል ከቀኝ ትከሻዋ ዳር፣ ክንዷ ከሚጀምርበት ላይ፣ መዳፍ የሚያህል የበለዘ ቦታ ታያቸው። መሃሉ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ባለችው ጠባብ ኩሽናቸው እንደቆሙ ምንም ሳይጠይቁ ቀሩ።

ልጃቸው ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሮተርዳም ቢሮ ትሠራለች፤ የምትኖረው ግን አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር፣ ከእጮኛዋ ከኤልናታን ጋር ነው። ኤልናታንን ከሦስት ጊዜ በላይ አላዩትም። ዝምተኛ ልጅ ነው። ዝምተኛ ሰው ሆዱ አይታወቅም ብለው አሰቡ፣ ራሳቸውም ዝምተኛ መሆናቸውን ረስተው።

ያን ሳምንት ሊደውሉላት ስልኩን እያነሱ መልሰው አኖሩት። ባለቤታቸው የትነበርሽ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። እሷ ብትኖር ልጇን ለብቻ ወስዳ በሁለት ቃል ታወጣጣት ነበር። እሳቸው ይህን አያውቁበትም። ቅዳሜ ሲደርስ አላስችል አላቸውና በባቡር አምስተርዳም ሄደው፣ ከዚያ በትራም ኒው ዌስት ደረሱ።

በሩን የከፈተላቸው ኤልናታን ነው።

«ይግቡ አባባ፤ ደህና ነዎት?» አለና ካፖርታቸውን ተቀበላቸው።

ሩሐማ ጸጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ብቅ አለች። «ፓፓ? ምን ሆነህ ነው ሳትደውል የመጣኸው?»

አቶ ሽባባው አልተቀመጡም። «ትከሻሽን እንዲህ ያደረገሽ ማነው?»

ኤልናታን መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ደም ለበሰ። ሩሐማ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ኤልናታን የመታኝ መስሎህ ነው?»

«ማነው ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

«ጠመንጃ ነው» አለች በቀስታ። «ማለቴ፣ ኽዎን፣ ተራ ስፖርት ነው። ሮተርዳም አጠገብ ክለብ አለ። ማሽኑ ትንንሽ የሸክላ ሰሃን ወደ ሰማይ ይወረውራል፣ እኛ ተኩሰን እንሰብረዋለን። ካምና ጀመርኩ። ያልነገርኩህ ጠመንጃ እንደምትጠላ ስለማውቅ ነው።»

አቶ ሽባባው ያን ጊዜ ተቀመጡ። ወደ ኤልናታን ዞረው «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ኤልናታን ውሃ ቀድቶ ሰጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። «እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ እመጣ ነበር» አላቸው።

ጠመንጃ እንደሚጠሉ ልጃቸው ታውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግረዋት አያውቁም። በወጣትነታቸው ሐረር ላይ፣ በጦሩ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። አዲስ ምልምል ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ትከሻው በልዞ ይመጣባቸዋል። እጁ ላጠረው ሰደፉን ይቆርጡለታል፣ ደረቱን ለሚወጋው ጠርዙን ይሞርዱለታል። ከጥቂት ወር በኋላ ጠመንጃው ለጥገና ይመለሳል፤ ልጁ አይመለስም። ያን ሁሉ በለዝ ያዩ ሰው የገዛ ልጃቸው ትከሻ ላይ ሲያዩት አላወቁትም። ሌላ ፍርሃት ቀድሟቸው ነበር።

«በጣም ያምሻል?» አሉ።

«ያመኛል። ሁይስአርትስ፣ የሰፈሩ ሐኪም ጋ ብሄድ ፓራሲታሞል ውሰጂ ተባልኩ። አሠልጣኙም ይለመዳል ይላል። ልተወው ነበር፣ ግን…» ፎጣዋን ፈታ ጭኗ ላይ አጠፈችው። «እማዬ ከሞተች ወዲህ ጭንቅላቴ ጸጥ የሚልልኝ እዚያ ነው ፓፓ። ሸክላውን ብቻ ነው የማየው፤ ሌላ ነገር የለም።»

አቶ ሽባባው «ስትተኩሺ የተነሳሽው ፎቶ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ኤልናታን ስልኩን አወጣ። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን በጣታቸው አሰፉት። ግራ እጇ ተወጥሯል፣ አንገቷ ተመዝዟል፣ ሰደፉ ከትከሻዋ ጉድጓድ ወጥቶ ክንዷ ላይ አርፏል።

«ረዝሞብሻል» አሉ። «ይኼ ሰደፍ ለረጅም ወንድ የተሠራ ነው። ስለማትደርሺበት ወደ ክንድሽ ይሸሻል፤ ሲተኮስ አጥንትሽን ይመታል። የሚለመድ ነገር አይደለም።»

«አንተ ይህን ከየት አወቅህ?»

«እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ጠመንጃውን ልየው።»

በሳምንቱ ሦስቱም ወደ ክለቡ ሄዱ። ሽበታሙ አሠልጣኝ ጠመንጃውን ከፍቶ፣ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አቶ ሽባባው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆዩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልነኩት ነገር ነው። በመጨረሻ እጃቸውን አውጥተው እንጨቱን ዳሰሱት።

ሩሐማ ክንዷን አጥፋ ሰደፉን ክርኗ እጥፋት ውስጥ ስታሳርፍ ጣቷ ቃታው ጋ ሳይደርስ ቀረ። አሠልጣኙ ራሱን ነቀነቀና ብሎን መፍቻ አመጣላቸው። ከሰደፉ ጫፍ፣ ከጎማው ሥር፣ ሁለት የፕላስቲክ ማስረዘሚያ ተደርቦ ነበር፤ ሁለቱንም አወጡ። የጎማውን የታችኛውን ጥግ ደረቷን እንዳይወጋት ሞርደው አለዘቡት። አሠልጣኙም በበኩሉ ወደ ኋላ ግፊቱ ቀለል ያለ ጥይት መረጠላት።

«ጉንጭሽን ወደ እንጨቱ አትውሰጂ» አሏት ከኋላዋ ቆመው። «እንጨቱን ወደ ጉንጭሽ አምጪው። ክብደትሽን የፊት እግርሽ ላይ ጣይ። ትከሻሽ ውስጥ አጥብቀሽ ያዢው፣ እንደ ሕፃን።»

የመጀመሪያውን ሳተች። ሁለተኛው አየር ላይ እንደ ዱቄት ተበተነ። አቶ ሽባባው በየተኩሱ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ ከአሥረኛው በኋላ ግን መጨፈኑን ትተው የልጃቸውን ትከሻ ማየት ጀመሩ። የዙሩን ሃያ አምስት ሸክላ ጨርሳ ጠመንጃውን ከፍታ መደርደሪያው ላይ አኖረችና የሸሚዟን አንገት ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። አሮጌው በለዝ ደብዝዞ አለ፤ አዲስ ነገር የለም።

«አላመመኝም» አለች። ከዚያ ግንባሯን ደረታቸው ላይ አስደግፋ ቆየች።

አሠልጣኙ እሳቸውም ይሞክሩ እንደሆነ ጠየቀ። «እኔስ ይበቃኛል» አሉት፣ ፈገግ ብለው።

ሲመለሱ ባቡሩ ራይስዋይክ ላይ ሲቆም ሩሐማና ኤልናታንም አብረዋቸው ወረዱ። ምሳ እንሠራለን አሉ። ሩሐማ ክንዳቸውን ይዛ «እነግርሻለሁ ብለህ ነበር» አለቻቸው።

አቶ ሽባባው እርምጃቸውን ቀነሱ። «ሊባኖስ የሚባል ልጅ ነበር» አሉ። «ከሁሉም ያጥር ነበር። ሰደፉን ሦስት ጣት ቆረጥኩለት። ሲስቅ ድምፁ ከግቢው ማዶ ይሰማል። እናቱ ጎሬ ነበረች፤ ደብዳቤዋን የማነብለት እኔ ነበርኩ።»

ሩሐማ አላቋረጠቻቸውም። ኤልናታን የእግረኛውን መንገድ ለሁለቱ ለቆ በዳር በኩል ይሄዳል። አቶ ሽባባውም በራቸው እስኪደርሱ ድረስ፣ ከዚያም ሽንኩርቱን እየላጡ፣ ስማቸውን የሚያስታውሷቸውን ልጆች አንድ በአንድ ነገሯት።