የኢዶሳ ተጫዋቾች

«ምነው ሚስት እንኳ አግብቶ፣ ልጅ እንኳ ተክቶ በሄደ» አሉ አንዲት ሴትዮ፣ ከካሰች ጆሮ አጠገብ። ካሰች ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች። ወንድሟ ኢዶሳ በጉበት ሕመም ሞቶ ከተቀበረ ጀምሮ ድንኳኑን የሞላው ሰው ሥራው አንድ ነው፤ ብዪ፣ በርቺ፣ አታልቅሺ፣ ደግሞ ለምን አላለቀስሽም። ለቅሶ ቤት ምክር ከንፍሮ ይበዛል። ሰለቻት።

ከሁሉ የባሱት የዕድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ገቢሳ ነበሩ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር በካርታ ኮንከር እየተጫወቱ፣ በየመሀሉ ቀና ብለው ኢዶሳን ይወቅሳሉ። ጎበዝ የሒሳብ መምህር ነበር፣ ምን ያደርጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ልጅ ሰብስቦ ዳይስ ያስጥላል፣ ይሄ ቁማር ካልሆነ ምንድን ነው ይላሉ። ይህን እያሉ ካርታቸውን ይበውዛሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ቁማር አልነበረም። ካሰች ጨዋታውን ሳትወድ በግድ አውቃዋለች፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኢዶሳና ተማሪዎቹ ሳሎኗን ይወስዱባት ነበርና። ኢዶሳ ይተርካል፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ከማዶ የታመመ ሕፃን አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ? ልጆቹ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሽማግሌ ሆነው ይመልሳሉ። ከባድ ነገር ሲሞክሩ ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ካነሰ መዘዙን ሁሉም አብረው ይሸከማሉ። ገንዘብ የለ፣ ብቻውን የሚያሸንፍ የለ።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምታድገው?» ብላው ነበር አንድ ቀን ተናድዳ።

ኢዶሳ ሳቀ። «ክፍል ውስጥ ስጠይቃት ዴስኳ ላይ ድፍት የምትል ልጅ እዚህ ሽፍታ ታስታርቃለች፣ ካሱ። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ይሄን ማምጣት አልቻልኩም።»

ኢብሳ ስለሚባለው ተማሪም ነገራት። ሰው ሳይመታ ሳምንት የማያልፈው ልጅ ተራውን መጠበቅ ለምዷል። ካሰች ግን የሚታያት የቆሸሸ ምንጣፏ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እነዚያ የቅዳሜ ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው ድንኳኑ በር ላይ ተገተሩ። ኦቦ ገቢሳ ካርታቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ተነሡ።

«ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ የማን ዘመድ ናችሁ? ይሄ ለቅሶ ቤት ነው እንጂ መጫወቻ አይደለም። ሂዱ።»

ልጆቹ መዞር ጀመሩ። አሁን ከተበተኑ፣ እዚህ ድንኳን ውስጥ ኢዶሳን በደንብ የሚያውቀው ሰው እንደማይቀር ካሰች ገባት። አፏን ልትከፍት ስትል ከመሀላቸው አንዲት ልጅ ወደ ፊት ወጣች። የኦቦ ገቢሳ የገዛ ልጅ፣ ጊፍቲ ናት። ሰውዬው ክው አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት የምትሄድ ይመስላቸው ነበር።

«አባዬ» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልተቋረጠም። «በሰው ፊት እንድናገር ያደረገኝ እሱ ነው። ዘመዱ አይደለሁም። ግን ሳላለቅስለት አልሄድም።»

ኦቦ ገቢሳ ካርታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚህች ልጅ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ሰምተው አያውቁም። ቅድም በካሰች ጆሮ የተናገሩት ሴትዮ ግን አላስቻላቸውም፤ በአባት ፊት እንዲህ መናገር ምን የሚሉት ስድነት ነው ብለው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«በቃ፣ እማማ፣ ዝም ይበሉልኝ» አለች ካሰች።

እሷ የተቀመጠችው ለቤተሰብ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ከአክስቶቿ መሀል ነበር። የሟች የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው እዚያ አይቀመጥም፤ የለቀስተኛ ቦታው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ካሰች አንዷን አክስቷን በክርኗ ገፋ አድርጋ ፈቀቅ አለችና የተለቀቀውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ጊፍቲ ጫማዋን አውልቃ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አክስትየዋ አጉረመረሙ። ካሰች የነጠላዋን ግማሽ በልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፤ በቀረው ግማሽ የራሷን ፊት ሸፍና አለቀሰች።